«ተኝቶ መብላት» የሚለው ላይ አልስማማም

ፎቶ በኢንተርኔት ስለመሸጥ ያነበብኩት ጽሑፍ «ፎቶህን አንዴ ስቶክ ገጾች ላይ ጫን፣ የትም ሆነህ ዶላር ልቀም» እያለ ተኝቶ መብላት ይቻላል ይላል። ስቶክ ገጾች ማለት ከአንሺዎች ፎቶ ተቀብለው ለገዢ የሚሸጡ ድረ-ገጾች ናቸው። የትም ሆነህ የሚለው ልክ ነው። እኔም ሰበታ ተቀምጬ ነው የምሸጠው። ተኝቶ መብላቱ ግን ቆይ!

ከነዚህ ገጾች አንዱ አዶቤ ስቶክ ከፎቶ ሽያጭ ለአንሺው 33 በመቶ ይሰጣል። ሌላው፣ ሹተርስቶክ፣ ደግሞ እንደ ሽያጭህ ብዛት ከ15 እስከ 40 በመቶ። ጸሐፊው የዘለለው ይሄን ነው፦ ሹተርስቶክ ላይ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥር 1 ሁሉም ሰው ተመልሶ 15 ላይ ይወርዳል። እንደገና መውጣት ነው።

የሰው ፊትም አለ። ለማስታወቂያ በሚሸጥ ፎቶ ላይ ፊቱ የሚለይ ሰው ካለ የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ይጠየቃል። ጤፍ የሚያበጥሩ እናት አንስተህ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» በላቸው እስቲ! «ቤቴን ልትወስድ ነው እንዴ?» ይሉሃል። የይዞታ ጣጣ በማያልቅበት የከተማ ዳር አይፈረድባቸውም። ስለዚህ እኔ እጅ ላይ አተኩራለሁ፤ ምጣድ ላይ ሊጥ የሚያዞር፣ ከጀበና ቡና የሚቀዳ።

ጀንበር ስትጠልቅ ማንሳቱን ግን ተዉት፣ ሞልቷል። ይልቅ መፈለጊያ ቃላቱን በእንግሊዝኛ በደንብ ጻፉ። ገዢው ፎቶውን የሚያገኘው በነሱ ነው።