በረዶ የወረደ ቀንም እንማራለን

ልጆችን ቤት ስለማስተማር የተጻፈውን ጽሑፍና ከሥሩ ያሉትን አስተያየቶች አነበብኩ፤ «ቤት የሚማር ልጅ ብርድ ሲመጣ ከብርድ ልብስ አይወጣም» የሚለው አልተዋጠልኝም። እኛ ሐዋሳ ነን፤ ልጆቻችንን ቤት ነው የምናስተምረው። ጽሑፉ ላይ እንዳለው የፈረንጅ ቤተሰብ ስስ አመዳይ አናይም፤ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ከየት ያመጣል? ክረምት ላይ ግን ድንጋይ የመሰለ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሂሳብ ደብተር ይዘጋል። ባለፈው ጋብ ሲል ልጆቹ በሳፋ ለቀሙት። ትልቋ አንዱን ለሁለት ስትከፍለው ውስጡ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። ደመናው ውስጥ ነፋስ ወደ ላይ እየገፋው፣ ውሃ በላዩ እየረጋ እንደሚያድግ ያኔ ገባት። ትንሹ ሥራው መብላት ነበር! ከላይ አስተያየት ላይ «ቤት የሚማር ልጅ ጓደኛስ?» ላልሽው እህቴ፣ የጎረቤት ልጆች ሳይጠሩ ነው ሳፋ ይዘው የመጡት። ይልቅ ጸሐፊው የዘለለው የፈተናውን ጉዳይ ነው፦ ቤት የተማረ ልጅ የ8ኛ ክፍል ፈተና የት ተመዝግቦ ይቀመጣል?