ማስተካከያ፦ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች ድጋፍ ማራቶን ለምትሮጡ ወላጆች

ለአካል ጉዳተኞች በጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ለሚሮጡ ወላጆች ባወጣነው መመሪያ «አንድ ሳምንት ሲቀረው ሙሉውን ርቀት ሮጣችሁ ሞክሩት» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ነው። የልምምዱ ረጅም ሩጫ ከ30 እስከ 32 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ እሱም ሦስት ሳምንት ሲቀረው። የደከመ ጡንቻ በሳምንት አያገግምም።

«በየጣቢያው የቻላችሁትን ያህል ውሃ ጠጡ» ያልነውም ይታረም። ሲጠማችሁ ጠጡ። ከመጠን ያለፈ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያሳንሳል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል።

ልጃችሁን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋችሁ የምትሮጡ ከሆነ፣ እናንተን ላብ ሲያጠምቃችሁ እሱ ሳይንቀሳቀስ ተቀምጦ ይበርደዋል። በረደኝ ማለት የማይችል ልጅም አለና ጣቶቹን እየዳሰሳችሁ አረጋግጡ። ወንበሩ ቁልቁለት ላይ እንዳያመልጣችሁ ማሰሪያውን እጃችሁ ላይ አጥልቁት።