እርማት፦ «ሁለት በቀቀን ከሆኑ አይናገሩም» ለሚለው

ደሴ ያለችው እህታችን «አንድ በቀቀን ልውሰድ ወይስ ሁለት?» ብላ ጠይቃ፣ «ሁለት ከሆኑ ሰው ይረሳሉ፣ መናገርም አይማሩም» ተብላለች። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

በቀቀን በተፈጥሮው የመንጋ ወፍ ነው። በእኛው ደጋ የምትኖረው ትንሿ ባለ ጥቁር ክንፍ በቀቀን እንኳ የምትበረው ከመሰሎቿ ጋር ነው። ንግግር የሚመጣው ሰው በየቀኑ ሲያዋራው ነው። ጥንድ ሆነው የሚናገሩ አሉ፤ ብቻውን ኖሮ አንድ ቃል ሳይወጣው የሚያረጅም አለ።

እህቴ፣ ጠዋት ወጥተሽ ማታ የምትገቢ ከሆነ ብቸኛው ወፍ ይጎዳል። ይጮሃል፤ ሲብስበት የደረቱን ላባ እየነጨ ይጥላል። የራስ ቅሉ ላባ ብቻ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ምንቃሩ እዚያ አይደርስማ! ይህን ካየሽ ግን ቶሎ ሐኪም አሳዪው፤ በሽታም ሊሆን ይችላል።

ሁለት ማድረግም በራሱ መፍትሔ አይደለም። ሊጣሉ፣ እስከ መድማት ሊነካከሱ ይችላሉ። አዲሱን ቢያንስ 30 ቀን ሌላ ክፍል አቆይው፤ ከዚያም በየራሳቸው ጎጆ ጎን ለጎን ይተያዩ። ቤት የምትውዪ ከሆነ አንዱ ይበቃል። እኔ ግን ለሠራተኛ ሰው ሁለት እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ወሎ ቡና ያለ እጣን አይፈላም፤ የወፍ ሳንባ ደግሞ ጭስ አይችልም። ረከቦቱ ሲዘረጋ ጎጆውን ሌላ ክፍል አስገቢው። አቮካዶም እንዳትሰጪው፣ ይገድለዋል።