ጊታሬ ውስጥ ፊሸር አገኘሁ

ፊሸር ታውቃላችሁ አይደል? ግድግዳ ተበስቶ ቪቴው እንዲይዝ የሚወተፈው፣ ያ ግራጫ ፕላስቲክ። መጋረጃ የሚሰቀልበት፣ ቲቪ የሚሰቀልበት። እሱን ነው ቅዳሜ ማታ ከጊታሬ አንገት ውስጥ በፒንሳ ጎትቼ ያወጣሁት። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ አየሁት። መሳቅም መናደድም አቃተኝ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ካልተናገርኩት ያንቀኛል።

ጊታሩን የገዛሁት ሁለተኛ እጅ ነው። የስትራቶካስተር፣ የዚያ ታዋቂ የኤሌክትሪክ ጊታር ሞዴል ኮፒ ነው፣ ስም የለውም፣ ግን ድምፁ ደስ ይላል። የሸጠልኝ ልጅ "ምንም የለበትም ብሮ፣ አንዴ ብቻ አንገቱ ታይቷል" አለኝ። ታይቷል! እንዴት እንደታየ፣ በማን እንደታየ አልጠየቅኩም። ያኔ ነበር ብሬን ይዤ መሮጥ የነበረብኝ።

ሁለት ሳምንት ደህና ሰነበተ። ከዚያ ቅኝት አልይዝ አለ። ትዝታ ብዬ እጀምራለሁ፣ መሃል ላይ አንቺሆዬ ሊሆን ምንም አይቀረው። የባንዱ ልጆች እኔን ያዩኛል፣ እኔ ጊታሩን አያለሁ። ቀጭኗ ክር ደግሞ ትንሽ ጫን ሳደርጋት ከፍሬት ቦርዱ፣ ጣት ክሩን ከሚጫንበት የአንገቱ ፊት፣ ጠርዝ ተንሸራታ ትወድቃለች። ሠሪ ጋ ወሰድኩት። "ክር ቀይር" አለኝ። ቀየርኩ፣ ያው። "መቃኛዎቹ አርጅተዋል" አለኝ። ስድስቱንም ቀየርኩ፣ ያው። ያወጣሁትን ብር እዚህ አልጽፍም፣ እናቴም ፌስቡክ አላት።

አንድ ቀን ብስጭት ብሎኝ ቦዲውን በጉልበቴ ይዤ አንገቱን ወዘወዝኩት። ተወዛወዘ። ሊወልቅ ሦስት ቀን እንደቀረው የልጅ ጥርስ! ሠሪው ይሄን ለማወቅ አምስት ሰከንድ ይበቃው ነበር። አንዴ እንኳን አልነካካውም።

ለማታውቁት፣ የእንደዚህ ዓይነት ጊታር አንገት በኮላ የተጣበቀ አይደለም። ከጀርባው ብረት ሳህን አለች፣ አራት ቪቴ በእሷ አልፎ፣ ቦዲውን አልፎ፣ አንገቱን ይነክሳል። በቃ። ነገሩን ያስለመደው ሊዮ ፌንደር ነው፤ ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ውስጥ ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ ጊታር እንኳ መጫወት የማይችል። እ.ኤ.አ. በ1950 ገበያ ባወጣው ጊታር ላይ አንገቱን በቪቴ አሰረው፣ ከተበላሸ ተፈትቶ ሌላ እንዲገጠም። ጠጋኝ ለጠጋኝ አስቦ የሠራው ነገር ነው እኮ! እ.ኤ.አ. በ1971 ፋብሪካው አንዳንዶቹን ጊታሮች በሦስት ቪቴ አደረጋቸው፣ አንገቱ ይንሸራተታል ተብሎ እስከ ዛሬ ይታማል። በሦስት ከታማ፣ የኔን ስፈታው የሚይዘው ስንት ይመስላችኋል? አንድ። አንድ ብቻ! ስድስት ክር ሲወጠር ደግሞ አንድ ላይ ወደ 45 ኪሎ ይስባል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በአንድ ቪቴ አንጠልጥዬ ነው መድረክ ላይ ስወጣ የከረምኩት።

የቀሩትን ሦስት ቀዳዳዎች ላስጎብኛችሁ።

አንደኛው ውስጥ የክብሪት እንጨት ነበር። ሦስት ፍሬ፣ አንዱ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ባሩድ እንኳ አልተነሳለትም። ሁለተኛው ውስጥ ስቴኪኒ በሱፐር ግሉ። ሱፐር ግሉው እንደ መስታወት ደርቆ፣ ቪቴው ሲገባበት ተሰነጣጥቆ፣ አሁን ዱቄት ሆኗል። ሦስተኛው ያ ፊሸር። ፊሸር ቪቴ ሲገባበት ግራና ቀኝ ይነፋል፣ ሥራው እሱ ነው፤ ሲሚንቶ ይችለዋል፣ እንጨት ግን ይሰነጠቃል። የኔም ፀጉር በምታህል መስመር ተሰንጥቋል። ያ ደህና ነው ያልኩት አራተኛው ቪቴ ደግሞ ደህና የሆነው ከሌሎቹ ስለሚረዝም ነው። አንዱ ብልጥ "ረጅም ይግባበት" ብሏል። ጫፉ ፍሬት ቦርዱን ከሥር ሊበሳ ወረቀት ያህል ነው የቀረው፤ ላዩን በጣት ስትዳብሱት ትንሽ እብጠት አለ።

እኔን ያንጨረጨረኝ ብልሽቱ አይደለም። እንጨት ይበላል፣ ያረጃል። ያንጨረጨረኝ "ለጊዜው" የምትባለው ቃል ናት። ቢያንስ አራት ሰው ይሄን ጊታር ከፍቶ፣ ችግሩን አይቶ፣ "ለጊዜው ይያዝ" ብሎ፣ ብር ተቀብሎ ዘግቶታል። የአንዱ ለጊዜው ለቀጣዩ ቀዳዳውን አሰፋለት፣ የእሱ ደግሞ ለቀጣዩ። እና ሁሉም አንድ ቦታ ተጠራቅሞ እኔ እጅ ላይ ፈነዳ። ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ ቢሆን እንኳ እሺ፣ ትንሽ ለላላ ቀዳዳ ይረዳል። ክብሪት ከነባሩዱ ግን ምን ማለት ነው?

ቀዳዳዎቹ መጀመሪያ ለምን እንደተበሉ ሳጣራ ደግሞ የባሰ ተናደድኩ። ቪቴው ቦዲው ውስጥ እንደልቡ መንሸራተት አለበት፣ መንከስ ያለበት አንገቱን ብቻ ነው። የኔ ቦዲ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ቪቴው ቦዲውንም ይነክሳል። ሁለቱንም ሲነክስ አንገቱን ስቦ ቦዲው ላይ አያጣብቀውም፣ ክፍተት ይቀራል። ሠሪው ክፍተት ሲያይ ምን ያደርጋል? ድሪሉን ይሰካና ጥርርርር! ጥርሱ የያዘው እንጨት ተልጦ ይወጣል፣ ቪቴው በባዶ ይዞራል። መድኃኒቱ የቦዲውን ቀዳዳ ትንሽ ማስፋት ብቻ ነበር፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ካቻቪቴ በእጅ መያዝ የሚያሳፍር ሆኗል መሰለኝ።

መጨረሻ ላይ ሰፈራችን ያሉት አናጺ ጋ ሄድኩ። በርና ቁም ሳጥን የሚሠሩ ናቸው፣ ጊታር ነክተው አያውቁም። አንገቱን ተቀብለው አገላበጡት፣ ቀዳዳዎቹን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና "ማነው ይሄን የሠራው?" አሉኝ።

"አላውቅም ጋሼ፣ ሳልገዛው በፊት ነው።"

"እንዲህ የሠራውን ሰው በር እንዳታሠራው ልጄ።"

ከዚያ ያስረዱኝ ጀመር። ማጠፊያ የወለቀበት በር እንደዚሁ ነው አሉ። የተበላውን እንጨት አውጥተህ ትጥለዋለህ፣ በሌላ ጠንካራ እንጨት ትደፍነዋለህ፣ እንደ አዲስ ትበሳለህ። ሌላ መንገድ የለውም። የተሰነጠቀውን መጀመሪያ ኮላ አጠጥተው በሞርሳ አሰሩት። በማግስቱ 8 ሚሊ ፑንታ አመጡ፣ ፑንታው ላይ 16 ሚሊ ለክተው ፕላስተር ጠቀለሉበት፣ ከዚያ አልፎ ፍሬት ቦርዱን እንዳይበሳ። ልቤ አፌ ውስጥ ነበር። እሳቸው ግን ስለ ልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ እያወሩልኝ አራቱንም በሱት።

መድፈኛውን ከአሮጌ ወንበር እግር ነው ያወጡት፣ ጥቁር እንጨት። እኔ ክብ ዘንግ ገዝተን ቆርጠን እንክተት ብዬ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፣ ይሠራልም። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። "ቪቴ በእንጨት አናት ሲገባ ጭረቱን እየሰነጠቀ ነው የሚሄድ። በጎኑ ሲገባ ነው የሚነክስ" አሉኝና የመድፈኛው ጭረት ከአንገቱ ጭረት ጋር አንድ አቅጣጫ እንዲሆን እያንዳንዷን በቢላና በብርጭቆ ወረቀት አሾሏት። አራት ጥቃቅን ነገር፣ አንድ ሰዓት ተኩል። በእንጨት ኮላ ነክረው በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረጓት። "ነገ ማታ ና። ዛሬ ብትነካው እጅህን እቆርጠዋለሁ።"

በነጋታው መጀመሪያ የቦዲውን ቀዳዳ አሰፉ። አንገቱን ቦታው አስቀምጠን፣ ዳርና ዳር ያሉት ሁለት ክሮች ከፍሬት ቦርዱ ጠርዝ እኩል እንዲርቁ አስተካክለን፣ በቦዲው ቀዳዳ በኩል በምስማር ምልክት አደረግን። በ3 ሚሊ በሱ። ቪቴዎቹን ሳሙና ቀቡ፣ የልብስ ሳሙና፣ ሲገባ እንዳይታገል። ከዚያ ካቻቪቴውን ሰጡኝ። "አንተ እሰር። ወደፊት ፈትተህ ስታስር መጀመሪያ ወደ ግራ አዙረው፣ ጠቅ ሲል የድሮ መንገዱን አገኘ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ። እምቢ ሲልህ አቁም።"

እምቢ ሲል አቆምኩ። 400 ብር ጠየቁኝ። ከመቃኛው ዋጋ ጋር ሳወዳድረው ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

አሁን ቅኝቱን ይይዛል። ትላንት ሙሉ ልምምድ አንዴ ብቻ ነው የነካሁት። ፊሸሩንና ክብሪቶቹን በስኒ አድርጌ መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ።

ይሄን እየጻፍኩ ባንዱ ውስጥ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ደወለ። የሱም አንገቱ መወዛወዝ ጀምሯል። ሁሉንም አስረዳሁት፣ አናጺው ያሉበትን ነገርኩት፣ ሃያ ደቂቃ አወራሁ። ዝም ብሎ ሰማኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"እሺ፣ ለጊዜው ግን ስቴኪኒ ይኖርሃል?"