እርማት፦ የጉምሩክ መረጃ ሁሉ ምስጢር አይደለም

ወንድሜ፣ «አዳማ ላይ ጎማ ለመሸጥ አስቤ ነበር። ግን በዓመት ስንት እንደሚገባ የሚያውቀው ጉምሩክ ብቻ ነው፤ እሱም የመንግሥት ምስጢር ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ስህተት ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ያረጋግጣል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ይህን መብት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እጅ ባለ መረጃ ላይ በዝርዝር ደንግጎታል። ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ መሆን አያስፈልግህም። ጉምሩክም መሥሪያ ቤት ነው።

እርግጥ የሚከለከል አለ። የአንድ አስመጪ ዲክላራሲዮን (ስላስገባው ዕቃ ለጉምሩክ የሚያቀርበው ማስታወቂያ)፣ ከማን በስንት እንደገዛ የሚያሳየው ኢንቮይስ፣ የንግድ ምስጢሩ ነው። የአገር ደህንነትና በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይም እንዲሁ። ይሄ ተገቢ ነው፤ ተፎካካሪህ ያንተን ኢንቮይስ ቢያገላብጥ ደስ ይልሃል?

አንተ የምትፈልገው ግን ድምሩን ነው። በዓመቱ ስንት ጎማ ገባ? ከየት አገር? የማንም ስም የለበትም። እንዲህ ያለው የገቢና ወጪ ንግድ አሃዝ በታሪፍ ቁጥር፣ ማለትም ጉምሩክ እያንዳንዱን የዕቃ ዓይነት በሚለይበት ቁጥር፣ ተከፋፍሎ የሚወጣበት ጊዜም አለ። የታሪፍ መጽሐፉ ራሱ ለማንም ክፍት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የጎማውን የታሪፍ ቁጥር ፈልግ፤ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ወዲያው ይነግርሃል። ከዚያ ዕቃውን፣ ዓመቱንና የምትፈልገውን አሃዝ ለይተህ በጽሑፍ ለጉምሩክ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል አስገባ። «ስለ ጎማ መረጃ ይሰጠኝ» ብቻ ካልክ ያመላልሱሃል። ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመታ።

መልስ ከከለከሉህ ለኃላፊው አቤት በል። ካልሆነም የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ።