«ክራፕ» ከማለትህ በፊት ዕቃው የማን ነው?

በኤፕሪል 1991 የጌጣጌጥ መደብሮች ባለቤት የሆነው ኩባንያ ኃላፊ ጄራልድ ራትነር ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ውስጥ ንግግር ያደርግ ነበር። የመጠጥ ማንቆርቆሪያ ከስድስት ብርጭቆና ከብር ቅብ ትሪ ጋር በ4.95 ፓውንድ እንዴት እንደሚሸጥ ሰዎች ይጠይቁኛል አለና መልሱን ራሱ ሰጠ፦ «ቶታል ክራፕ» (ፍጹም የማይረባ) ስለሆነ ነው። አዳራሹ ሳቀ። ጋዜጦች ግን አራገቡት፤ የኩባንያው ዋጋ በ500 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አሽቆለቆለ፤ ራትነርም በ1992 ወንበሩን ለቀቀ።

ብዙዎች «አፉ ጎዳው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የብሪታንያ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ ኦፍኮም በ2016 ስለ ጸያፍ ቃላት ባወጣው ጥናት ክራፕ ከ«ብለዲ» («የተረገመ» እንደማለት) ጋር ለዘብ ካሉት ቃላት መደብ ነው። ራትነርን የጣለው ዕቃው የራሱ መስሎት መናገሩ ነው። ገዢው ከፍሎ ቤቱ አስገብቶታል፤ የተሰደበው የገዢው ምርጫ ነበር።

እንግሊዝ አገር ለሚኖር አበሻም መለኪያው ይኸው ነው። ዝናቡን፣ የዘገየውን አውቶቡስ፣ የገዛ ስልክህን ክራፕ ብትል ማንም አይቀየምህም። የጋበዘህን ሰው ወጥ ግን ተወው።

እንግሊዞች መጥፎ ነገር የሚነቅፉባቸው ሌሎች ቃላትም አሉ። «ማንኪ» ለቆሸሸ ጨርቅና ካልሲ ነው፤ «ግሮቲ» ለተጎሳቆለ ክፍል። «ሚንጊንግ» ለሚያቅለሸልሽ ሽታና ምግብ ይባላል፤ «ሚንገር» ሲሆን ግን መልከ ጥፉ ማለት ነው፣ ሰው ላይ የሚለጠፍ ስድብ። ከሁሉ ተንኮለኛው «ናፍ» ይመስለኛል። ዕቃው ንጹሕ፣ የሚሠራ፣ ውድ እንኳ ሊሆን ይችላል፤ የሚነቀፈው የባለቤቱ ጣዕም ነው። ወርቅ የተቀባ የሳሎን ሰዓት ናፍ ከተባለ ባለቤቱ ቶሎ አይረሳውም።

«ፓንትስ» የውስጥ ሱሪ ማለት ሲሆን ለማይረባ ነገርም ይውላል፤ ለስላሳ ነው፣ ትንሽም ያረጀ። የሚነቀፈው አንድ ፊልም ብቻ ቢሆን እንኳ የብዙ ቁጥር ምልክቱ «ስ» ከመጨረሻው አይቀርም።

«ቦሎክስ» በኦፍኮም መለኪያ መካከለኛ ነው፤ ትርጉሙ ቆለጥ ሲሆን ብቻውን ሲነገር «የማይረባ ወሬ» ማለት ነው። ከፊቱ «ዘ ዶግስ» (የውሻው) ሲገባ ደግሞ ተገልብጦ «ወደር የሌለው» ይሆናል። ምግብ ለማድነቅ ብለህ የውሻውን ክፍል ከዘለልከው ጋባዥህን ሰድበህ አረፍከው።

በሥራ ቦታ፣ በተለይ በኢሜይል፣ አንዱንም አትጻፍ። «ኖት ግሬት» (ብዙም ጥሩ አይደለም) ካልክ እንግሊዛዊው ክራፕ እንዳልከው ይገባዋል።