ቲቸሩን ወደ ዴዶ መልሱልን

ሰሞኑን የሰማሁት ውሳኔ እንቅልፍ ነስቶኛል። ከአሁን በኋላ በጅማ ዙሪያ የሚመደቡ የውጭ በጎ ፈቃደኛ መምህራን ከተማ ውስጥና አስፋልት ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች ብቻ ይሁኑ ተብሏል። እንደ ዴዶ ያሉ የደጋ ወረዳዎች ቀሩ ማለት ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ኃላፊ የሰጠው መልስ ደግሞ ይብሳል። ፈረንጅ ዳገት አይችልም፣ መብራት በሌለበት አይኖርም፣ እንግዳ ማንገላታት ነውር ነው ብሏል።

ነውር! በዚያው ዳገት ልጆቻችን በየቀኑ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። መምህሮቻችን እዚያው በኩራዝ ፈተና ያርማሉ። እኔ ራሴ አምስት ዓመት አርሜያለሁ። ያኔ ነውር ነው ብሎ ስብሰባ የጠራ ሰው አላየሁም። ለእንግዳ የማይሆን ቦታ ለልጅ እንዴት ይሆናል? መንገዱ ካሳፈረን መንገዱን እንሥራ። መምህሩን ነጥቆ እንግዳ አከበርኩ ማለት ግን ምን የሚሉት ክብር ነው?

አይችልም ለሚለው ደግሞ ምስክሩ እኔ ነኝ። አብሮኝ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ኖሯል። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየ። የጭቃ ቤት ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲወርድበት አጠገብህ ካለ ሰው ጋር መደማመጥ አይቻልም። መጀመሪያ ሳምንት ጭቃው ሦስት ጊዜ ጣለው። ወር ሳይሞላው ቦት ጫማ አድርጎ፣ ዱላ ይዞ ከልጆቹ እኩል መውጣት ጀመረ። የገብስ ቂጣ በላ። ቆጮ በላ። ቡና በጨው ለመደ። ጠዋት ጠዋት "አካም ቡልተን" እያለ ሲያልፍ አሮጊቶቹ ይመርቁት ነበር። ታይፎይድ ይዞት ጅማ ወርዶ አንድ ሳምንት ተኝቷል፤ ይህን አልክድም። እኛንም ይይዘን ነበር። ድኖ ተመልሶ ወጣ።

አሁን ዋናውን ልናገር። ልጆቻችን እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ። 9ኛ ሲገቡ ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንግሊዝኛ ይሆናል። እስከዚያ ቀን ድረስ የዴዶ ልጅ እንግሊዝኛ ማለት ከሰሌዳ የተገለበጠ ነገር ነው። በዚያ ቋንቋ አንድም ሰው ከእሱ የሚፈልገው ነገር ኖሮ አያውቅም። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይደረድራል። እኔ አንድ ምክንያት ነው የሚታየኝ። ልጁ ጥያቄው ራሱ አልገባውም።

የአከራዩዋን ልጅ ልንገራችሁ። 7ኛ ክፍል ነበረች። ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ አንገቷን ትደፋለች። እናትየው ደግሞ አንድ ቃል እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቲቸሩም አፋን ኦሮሞው ከሰላምታ አልፎ ገና አልጠና። ማታ ማታ ቡና ሲፈላ በሁለቱ መሀል የቀረችው እሷ ነች። አንድ ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ቲቸሩ ደብተሮቹን ሰብስቦ ወንዙን ተሻግሮ ሊሄድ ተነሳ። እናትየው ሰማዩን አዩና አንድ ነገር አሉ። ልጅቷ ስኒውን አስቀመጠች፣ ተነሳችና በሩ ላይ ቆመች። "ማይ ማዘር ሴይ፣ ቢግ ሬይን ካሚንግ። ዶንት ጎ" አለችው። ሰዋስዉ ልክ አልነበረም። ግን ሰውየው ደብተሮቹን መልሶ ተቀመጠ። ወንዙም ያን ሌሊት ሞላ። በሳምንቱ ያቺ ልጅ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ የትም የለም። ሰውየው ከጅማ በመኪና እየተመላለሰ ቢያስተምር ኖሮ ያ አረፍተ ነገር አይወለድም ነበር።

ከተማ ብዙ ተማሪ አለ የሚሉም አሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የግል ትምህርት ቤት አለ፣ ኢንተርኔት አለ። እዚያ ላይ አንድ ፈረንጅ መጨመር ወንዝ ውስጥ ውሃ መድፋት ነው።

ለመሆኑ ነገሩ አዲስ ነው እንዴ? የመጀመሪያዎቹ የሰላም ጓዶች (ፒስ ኮር የሚባሉት የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች) እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 ሲመጡ ከ270 በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም መምህራን። አዲስ አበባ ብቻ አልተቀመጡም፤ በየክፍለ ሀገሩ ተበትነዋል። ከእነሱ አንዱ ፖል ሶንጋስ በዚሁ በጅማ መንገድ ላይ ባለችው ወሊሶ አስተምሯል። በኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነ፤ በ1992 ደግሞ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ተወዳድሯል። የዛሬ 60 ዓመት የቻሉትን ዛሬ አይችሉም ማለት ለእነሱ ማዘን አይደለም። የደጋውን ልጅ መናቅ ነው።

ይህን ውሳኔ የወሰናችሁ ሰዎች፣ አንሱት። ካላመናችሁኝ አንድ ቀን ዴዶ ውጡና እደሩ። እማማ ቤቱን ለሚመጣው ቲቸር ብለው ነጭ አፈር አስቀብተውታል። አልጋ አለ። ማታ ቡና ይፈላል፤ ልጅቷ አሁን 10ኛ ክፍል ነች፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ታነጋግራችኋለች።